ምስክር የሌለው መሣሪያ

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ለትምህርት ክፍላችን 12 ግራፊክስ ካርዶች ተገዝተው መጡ። ካርቶኖቹ ሲከፈቱ ላየን ሰው ሠርግ ቤት የገባን እንመስል ነበር። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነን የምንል ሁሉ ጠረጴዛውን ከበብነው፤ አንዱ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ አንዱ ማራገቢያውን በጣቱ ያሽከረክራል፤ ሌላው ከአሁኑ የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ ከፍ ወዳለው ይለውጣል። ከእኛው መካከል አምስቱ በብራና ላይ በእጅ የተጻፈ ግእዝ ከፎቶግራፍ እያነበበ ወደ ኮምፒዩተር ፊደል የሚገለብጥ ፕሮግራም ለመሥራት ቃል ገብተው ነበር። ለእንዲህ ያለው ሥራ ኮምፒዩተሩ በብዙ ሺህ የሚቈጠር የፊደል ምስል እየደጋገመ ማየትና ማስላት አለበት፤ ግራፊክስ ካርድ ሲኖር በሰዓታት የሚያልቀው፣ ያለ ካርድ ቀናትንና ሳምንታትን ይጠይቃል። ስለዚህ የዚያን ዕለት ደስታችን ያለ ምክንያት አልነበረም።

ዛሬ እነዚያ 12 ካርዶች ከነካርቶናቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቈልፎባቸዋል። አልተሰበሩም፤ አልተቃጠሉም፤ ሌባም አልነካቸውም። ግን አንዳቸውም አይሠሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒዩተር ክፍላችን ማሽኖች በሦስት ጊዜ በሦስት መንገድ የመጡ ስለ ሆኑ ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሣጥናቸው ቀጭን የሆነ የቢሮ ዴስክቶፖች ናቸው፤ ካርዱ ቁመቱ ስለ በለጠ ክዳኑ አልገጠም አለ። የሁለተኛዎቹ ሣጥን ሰፊ ነው፤ ካርዱም ገባ። ነገር ግን ካርዱ ከማዘርቦርዱ ከሚያገኘው ኃይል ሌላ ባለ 6 እግር ተጨማሪ ገመድ ይፈልጋል፤ የማሽኖቹ ባለ 240 ዋት ፓወር ሳፕላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ገመድ ከቶ የለውም። ለማያውቁ ወንድሞችና እኅቶች እንግለጸው፤ ካርዱ የሚሰካበት ቦታ ከ75 ዋት በላይ አይሰጥም፤ ባለ 6 እግሩ ገመድ ሌላ 75 ዋት፣ ባለ 8 እግሩ 150 ዋት ይጨምራል። ከዚያ በላይ ለሚጠይቅ ካርድ ገመዱ ከሌለ ነገሩ በሬ ሳይኖር ማረሻ እንደ መግዛት ነው።

በሦስተኛዎቹ ማሽኖች ላይ ግን ሁሉ ገጠመ። ገመዱ ተሰካ፤ ማራገቢያው ዞረ፤ አጨበጨብን። ከዚህ በኋላ የሆነው ነው ከሁሉ የባሰው። አዲሱን ድራይቨር ስንጭን ‹‹ይህን ካርድ አላውቀውም›› አለን። አሮጌውን ፈልገን ስንጭን ካርዱን አወቀው፤ ነገር ግን ለሥራችን የሚያስፈልገው ሶፍትዌር በተራው ‹‹ይህን አሮጌ ድራይቨር አላውቀውም›› አለ። የሶፍትዌሩን አሮጌ ዕትም ስናመጣ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር ተጣላ። ከ600 ሜጋባይት የሚበልጠውን ፋይል ኢንተርኔት ቀለል በሚልበት ሌሊት እየተነሣን ስናወርድ፣ በመካከሉ መብራት ሲሄድ፣ እንደገና ስንጀምር፣ ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ገባ። በመጨረሻም አንድ ቀን ማሽኑ ሳናዘው ራሱን አደሰና የጫንነውን ድራይቨር በሌላ ለወጠው፤ ስክሪኑም ጥቁር ሆኖ ቀረ። አምስቱ ጓደኞቻችን ርእሳቸውን ለውጠው ስለ መጽሐፍ ውሰት መዝገብ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ሠሩና ተመረቁ። የብራናው ሥራ ተተወ።

ይህን የምንጽፈው የማንንም ስም ለማጉደፍ አይደለም። ነጋዴው ካርድ ሸጠ፤ ግዢ ክፍሉ ካርድ ገዛ፤ ንብረት ክፍሉ ቈጥሮ ተረከበ፤ እኛም ፈርመን ወሰድን። ሁሉም የየድርሻውን አደረገ። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ‹‹ይህ ከዚያ ጋር ይስማማል፤ አይቼዋለሁ›› ብሎ የሚመሰክር አንድ ሰው አልነበረም። ጽሑፋችን ስለዚህ ስለ ጠፋው ምስክር ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ድራይቨር ምንድር ነው? አስተርጓሚ ነው። ግራፊክስ ካርድ እጅግ ጉልበተኛ ሠራተኛ ነው፤ ነገር ግን የሚሰማው አንድ ቋንቋ ብቻ ነው፤ ያም ቋንቋ ካርዱ ትውልድ በለወጠ ቍጥር ይለወጣል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ፣ ይህን ቋንቋ በራሱ አያውቅም። ስለዚህ በመካከላቸው አስተርጓሚ ይቆማል። አስተርጓሚው የቀረ ዕለት ባለቤቱና እንግዳው ፊት ለፊት ተቀምጠው ይተያያሉ እንጂ አይነጋገሩም።

ኪቦርድና ማውስ እንዲህ አያስቸግሩንም። ቋንቋቸው በስምምነት ተጽፎ ለሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ከየትም አገር ቢመጡ ተሰክተው ይሠራሉ። የግራፊክስ ካርድ ቋንቋ ግን ለብዙ ዘመን የሠሪው የግል ምስጢር ሆኖ ኖሯል። አስተርጓሚውን የሚቀጥረው ሠሪው ነው፤ ደመወዙን የሚከፍለው ሠሪው ነው፤ ‹‹ከእንግዲህ በቃህ›› ብሎ የሚያሰናብተውም ሠሪው ነው። ካርዱን ገንዘባችንን ከፍለን ገዛነው፤ አስተርጓሚው ግን የሌላ ሰው ሎሌ ነው። አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት ይህን ሳያዩ ነው፤ ቢያዩት ኖሮ ምን ይሉ ነበር?

ይህን ስናወራ ሰዎች ሁለት መልስ ይሰጡናል። አንደኛው ‹‹ድህነት ነው፤ አዲስ ማሽን ከአዲስ ካርድ ጋር ቢገዛ ኖሮ ይሠራ ነበር›› የሚል ነው። እርግጥ ድህነት አለ። የምንዛሬው ሥርዓት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተለወጠ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል፤ ያን ጊዜ ካርድ ለመግዛት የሚያጠራቅም ተማሪ የት እንደ ደረሰ ራሱ ያውቃል። ነገር ግን ድህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሀብታሞቹ አገሮች ከዚህ ጣጣ በዳኑ ነበር። አልዳኑም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቪስታን ለሕዝብ ሸጠ። ቪስታ ለግራፊክስ ድራይቨሮች አዲስ ደንብ ስላወጣ ካርድ ሠሪዎቹ አስተርጓሚዎቻቸውን እንደገና ማሠልጠን ነበረባቸው፤ ሳይሠለጥኑም ወደ ሥራ ገቡ። በኋላ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ይፋ የሆኑት የኩባንያው ሰነዶች እንዳሳዩት፣ በ2007 ከተመዘገቡት የቪስታ መውደቆች ውስጥ 29 ከመቶ የሚጠጉት የኤንቪዲያ ድራይቨሮች ያስከተሏቸው ነበሩ። የማይክሮሶፍት የራሱ ኮድም፣ የኤቲአይና የኢንቴል ድራይቨሮችም ከዝርዝሩ አልጠፉም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የአንዲት ተለጣፊ ወረቀት ታሪክ ነው። ቪስታ ገና ሳይወጣ፣ ከ2006 ጀምሮ፣ በሚሸጡት ኮምፒዩተሮች ላይ ‹‹ለቪስታ ብቁ›› የሚል ምልክት ይለጠፍ ነበር። ኢንቴል 915 የተባለው የግራፊክስ ክፍል አዲሱን የድራይቨር ደንብ የማያሟላ ሆኖ ሳለ፣ ምልክቱ እንዲለጠፍበት መስፈርቱ እንደ ላላ ከኩባንያው የውስጥ ደብዳቤዎች ታወቀ። እንዲህ ያለውን ማሽን የገዛ ሰው ቪስታን ቢጭን እንኳ የተወራለትን የሚያምር ገጽ አያይም ነበር። ገዢዎች ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ በ2008 ክሱ በብዙኃኑ ስም እንዲታይ ፈቀደ፤ በ2009 ግን ይህን ፈቃድ መልሶ ሻረው። የክሱ ፍጻሜ ለሕግ ተማሪዎች ይቅር። ለእኛ የሚጠቅመን ትምህርት ይህ ነው፤ በዚያ አገር ገንዘብ ሞልቶ ነበር፤ ምስክርም ነበር። ነገር ግን ምስክሩ ሻጩ ራሱ ስለ ነበረ ምስክርነቱ ፈረሰ።

ሁለተኛው መልስ ‹‹አላዋቂነት ነው፤ ተማሪዎቹ ሥራውን ስለማይችሉት ነው›› የሚል ነው። ይህንንም በከፊል እንቀበላለን፤ ወደ ኋላ ስለ ራሳችን ጥፋት እንናገራለን። ነገር ግን አንድ ሰው የቱንም ያህል ቢማር፣ ያልተጻፈ ነገር ከየት አምጥቶ ያነባል?

‹‹ምስክር›› የሚለውን ቃል ከሩቅ አላመጣነውም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቱ በፊት በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሲማር የነበረ አንድ ጓደኛ አለን። ካርዶቹ በተቈለፉበት ማታ ዶርም ውስጥ ተቀምጠን ስንማረር፣ እርሱ ሳቅ ብሎ ‹‹የእናንተ ነገር ምስክር ቤት የሌለው ድጓ ነው›› አለን። ምን ማለትህ ነው ብለን ያዝነው፤ እርሱም ነገረን።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት ቤተ ልሔም በደቡብ ጎንደር በጋይንት ምድር ያለች የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ እዚያው በጋይንት በዙር አምባ ይመሰከራል። ተማሪው ድጓውን ጎጃም ይማረው ወሎ፣ የቤተ ልሔምን ዜማ በመምህርነት ለማስተማር ሲያስብ ወደዚያ ወጥቶ ያስመሰክራል። ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ የጻፈውንም ከምስክር ቤቱ ድጓ ጋር እያስተያየ ያርማል። ከፊደሉ በላይ ያሉት ጥቃቅን ምልክቶች፣ ይዘቱ፣ ድፋቱ፣ ቅናቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ፣ ደረቱ፣ ሂደቱ፣ ቁርጡ፣ አንድ ባንድ ይታያሉ። እነዚህን ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባሉት ዓመታት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ደነገጓቸው ይነገራል። ቃሉ ብቻውን ዜማ አይሆንም፤ ድምፁን የት እንደሚያነሣ የት እንደሚጥል ለአዜመኛው የሚነግረው ያ ትንሽ ምልክት ነው። ቃል ያለ ምልክት፣ ካርድ ያለ ድራይቨር ማለት ነው።

ጓደኛችን ቀጠለና አንድ ትልቅ ነገር ጨመረልን። ‹‹ዜማ አንድ ብቻ አይደለም›› አለ። የቤተ ልሔም አለ፤ የቆማ አለ፤ የአጫብር አለ፤ የተጉለት አለ። ነገር ግን ይህ ልዩነት ማንንም ግራ አያጋባም። የአጫብሩ መሪጌታ የቤተ ልሔሙን ሲሰማ ‹‹ይህ የቤተ ልሔም ነው›› ብሎ ያውቃል። እያንዳንዱ መንገድ የታወቀ ስም፣ የታወቀ መምህር፣ የታወቀ ቦታ አለውና።

እዚህ ላይ እኛም ነቃን። ለካ ጉዳቱ ልዩነት አይደለም! ሠሪዎች ብዙ ዓይነት ካርድ ቢሠሩ፣ ሣጥኖች ቀጭንና ሰፊ ቢሆኑ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ቢበዙ አይገርምም፤ ዓለም እንዲህ ናት። የሚጎዳን ያልተጻፈና ያልተመሰከረ ልዩነት ነው። የቀጭኑ ሣጥን ቁመት ተጽፎ ቢሆን፣ የገመዱ እግር ተቈጥሮ ቢሆን፣ ድራይቨሩ እስከ መቼ እንደሚታደስ አስቀድሞ ተጠይቆ ቢሆን፣ እነዚያ 12 ካርዶች ወይ አይገዙም ነበር፤ ወይ ዛሬ ይሠሩ ነበር።

ይህ ሕልም እንዳይመስላችሁ፤ በገዛ ፊደላችን ላይ ሲፈጸም አይተነዋል። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በራሳቸው ቍጥር ይመዘግቡት ነበር። በዚያን ጊዜ የሚሠራበት ባለ 256 ቦታ ሠንጠረዥ የእኛን ፊደል ከላቲኑ ጋር ባንድነት ሊይዝ ስለማይበቃው፣ እያንዳንዱ ሠሪ ለራሱ እንደ መሰለው ከፋፍሎ አስቀመጠው። በአንዱ ፕሮግራም ‹‹ሰላም›› ብሎ የጻፈ ሰው ዲስኬቱን ይዞ ወደ ሌላ ቢሮ ቢሄድ፣ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝርግፍ ይወጣለት ነበር። መምህራኖቻችንን ጠይቋቸው፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለማሳተም ፎንቱን ጭምር ተሸክመው የዞሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግእዝ ፊደል ቋሚ ቍጥር ሰጠው። የ2007ቱ ቪስታም፣ ያ ሁሉ ነቀፌታ ቢኖርበትም፣ ኒያላ የተባለውን የግእዝ ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ ከጋይንት በስልክ የተላከ መልእክት ዋሽንግተን ላይ እንደ ተጻፈ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኒኮድ 4.1 ዐሥር የዜማ ምልክቶችም የራሳቸውን ቍጥር አገኙ። እርግጥ ምልክቶቹን ከፊደሉ በላይ በየቦታቸው መደርደር ገና የራሱ ድካም አለው፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ይዘት በየትም ኮምፒዩተር ይዘት ነው፤ ደረትም ደረት ነው። ይህን ያደረገው አዲስ ማሽን አይደለም፤ በግልጽ የተጻፈ ስምምነት ነው።

በግራፊክስ ካርድ መንደርም ይኸው ትግል ሲካሄድ ቆይቷል። ኤቲአይን በ2006 የገዛው ኤኤምዲ በ2007 ነጻ ድራይቨር ለሚጽፉ ሰዎች የካርዶቹን ሰነድ ማውጣት ጀመረ። ኤንቪዲያ ግን ለረጅም ጊዜ ምስጢሩን አጥብቆ ያዘ፤ ስለዚህ ኑቮ የተባለውን የሊኑክስ ድራይቨር የጻፉት ፈቃደኞች፣ መዝገበ ቃላት እንዳልተሰጠው እንግዳ፣ ካርዱ ሲሠራ እያዳመጡ ቋንቋውን ቃል በቃል ለመማር ተገደዱ። በ2012 የሊኑክስ መሥራች ሊነስ ቶርቫልድስ በፊንላንድ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ኩባንያውን ከገጠሟቸው ሁሉ የከፋ ነው ብሎ በቃልም በጣት ምልክትም ዘለፈው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2022፣ ያው ኩባንያ የሊኑክስ ድራይቨሩን የከርነል ክፍል ኮድ ለሕዝብ ከፈተ። ይሁን እንጂ ሙሉው አልተከፈተም፤ የተከፈተውም ከ2018 ወዲህ ለወጡት ካርዶች ብቻ ነው። ወደኛ አገር የሚደርሰው ያገለገለ ዕቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ የቀደመ ነው። በሩ ተከፈተ፤ እኛ ግን ገና ከደጅ ነን።

በሌላ በኩልም ጊዜው ይገፋናል። በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና ከተወሰነ ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በሀብታሞቹ አገሮች ይህን የማያሟሉ ማሽኖች ከየቢሮው ይወጣሉ፤ ብዙዎቹም ‹‹እርዳታ›› ወይም ‹‹ያገለገለ›› እየተባሉ ወደ እኛና ወደ መሰሎቻችን ይመጣሉ። ነገ ከእኛ አንዱ በስማዳ ወይም በእስቴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ቢመደብ፣ የሚጠብቀው እንዲህ ባለ ዕቃ የተሞላ ክፍል ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ዓይናቸውን የሚጥሉበት ልጆች ‹‹ጋሼ፣ ለምን አይበራም?›› ብለው ይጠይቁታል። ‹‹ሲስተም የለም›› ብሎ ይመልስላቸው?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ሰውን የሚወቅስ ራሱንም ይመርምር። ካርዶቹ አልሠራ ባሉ ጊዜ እኛ ምን አደረግን? ከየትም የተገኘውን የድራይቨር ጥቅል በፍላሽ እያመጣን ጫንን፤ ከጥቅሉ ጋር የገባውን ቫይረስ ለማጥፋት ደግሞ ማሽኑን ፎርማት አደረግን። አንዱ የሞከረውን ሌላው ሳያውቅ ያንኑ ስሕተት አራት ቡድን አራት ጊዜ ደገመው። የሠራለትም ሰው ቢኖር አልተናገረም። በሦስተኛው ዓመት አንድ ልጅ በራሱ ማሽን ላይ ተመሳሳይ ካርድ አሠርቶ እንደ ነበር ያወቅነው ከተመረቀ በኋላ ነው። ‹‹ሙያ በልብ ነው›› እያልን ያደግን ልጆች ነንና ያወቅነውን መደበቅ ጨዋነት ይመስለናል። ሙያ በልብ መሆኑ ለሠራተኛው ትሕትና መልካም ይሆናል፤ ለኮምፒዩተር ክፍል ግን መርዝ ነው። ካርድ ሠሪውን ‹‹ምስጢርህን አውጣ›› እያልን በየዶርማችን ምስጢር የምንደብቅ ከሆነ፣ ከእርሱ በምን ተሻልን? እርሱ እንኳ ከምስጢሩ ትርፍ ያገኛል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን፤ ሦስቱም ዶላር አይፈልጉም።

አንደኛ፣ የምስክር መዝገብ ይከፈት። አንድ ወፍራም ደብተር ወይም አንድ የጋራ ፋይል ይበቃል። በእያንዳንዱ ገጽ የማሽኑ ዓይነት፣ የሣጥኑ ስፋት፣ የፓወር ሳፕላዩ ዋትና ገመድ፣ የካርዱ ስም፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙና የድራይቨሩ ዕትም ቍጥር ይጻፍ፤ ‹‹ሠራ›› ወይም ‹‹አልሠራም›› ይባል፤ በዓይናቸው ያዩ ሁለት ተማሪዎች ይፈርሙበት። አልሠራም የሚለው ገጽ እንደ ሠራው ገጽ የከበረ ነው፤ ተከታዩን ሰው ከሁለት ወር ድካም ያድነዋልና። የሠራው ድራይቨርም በየሌሊቱ ከኢንተርኔት ከሚለመን፣ በአንድ ሐርድ ዲስክ ላይ ከነዕትም ቍጥሩ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ዕቃ ሲገዛ ወይም እርዳታ ሲቀበል ይህ መዝገብ ይታይ። በጨረታው ወረቀት ላይ ዋጋና ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ የካርዱ ቁመትና የሚፈልገው ዋት፣ ድራይቨሩ ለየትኞቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች እንደሚገኝና ሠሪው ማደሱን ቀጥሎ እንደ ሆነ ይጠየቅ። ከሁሉ በላይ ግን 12 ከመግዛት በፊት አንዱን አምጥቶ በእኛው ማሽን ላይ መሞከር ይገባል። በሬ የሚገዛ ገበሬ እንኳ ጥርሱን ያያል፤ ትከሻውን ይዳስሳል፤ ካላስረገጠም ገንዘቡን አይቈጥርም። ዩኒቨርሲቲ ከገበሬ ያነሰ ጥንቃቄ ቢያደርግ ያሳፍራል።

ሦስተኛ፣ ክፍት የሆነውን ኮድ ለማንበብ እንነሣ። ኑቮም የኤኤምዲ የሊኑክስ ድራይቨርም ለሚያነብ ሁሉ ተዘርግተዋል። በየዓመቱ ለመመረቂያ ተመሳሳይ የሆቴል መመዝገቢያና የክሊኒክ መመዝገቢያ ከምንሠራ፣ ጥቂቶቻችን ‹‹ይህ አስተርጓሚ እንዴት ይናገራል?›› ብለን ብንመረምር፣ የሌላ ሰው ሎሌ እስኪፈቅድልን ከመጠበቅ ቀስ በቀስ እንወጣለን። ነገሩ ከባድ ነው፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ‹‹ይህ ሁሉ ጩኸት ለጨዋታ ማጫወቻ ካርድ ነው?›› ይሉናል። ካርዱ ለጨዋታ ተብሎ መሸጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዛሬ የሕክምና ምስል የሚያየው፣ የሕንፃ ንድፍ የሚሥለው፣ የድምፅና የጽሑፍ ትርጉም የሚማረው ፕሮግራም በዚያው ካርድ ላይ ይሠራል። ሌሎችም ‹‹በእርዳታ የመጣ ዕቃ አይመረመርም፤ ነውር ነው›› ይላሉ። እኛ ግን እንላለን፤ የማይሠራ ስጦታ ቦታ ይይዛል፤ ጊዜ ይበላል፤ በመጨረሻም ቈሻሻ ሆኖ እኛው ዘንድ ይቀራል። ከመቀበል በፊት መጠየቅ ሰጪውንም ማክበር ነው።

ወደ ጓደኛችን እንመለስና እናብቃ። ያን ማታ ከመተኛታችን በፊት አንዳችን ‹‹ለመሆኑ ድጓውን እንደዚያ ፊደል በፊደል መጻፍና ማረም አይሰለችም?›› ብለን ጠየቅነው። ‹‹ይሰለቻል እንጂ›› አለ። ‹‹ግን ስታስተምር ተማሪው ‘ይህን ከየት አመጣኸው?’ ቢልህ የምትመልሰው አለህ።›› ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ተኛ።

እኛ ግን ቶሎ አልተኛንም። በብራና ላይ ያለውን ግእዝ ወደ ኮምፒዩተር ለማምጣት ተነሥተን የቀረነው፣ ብራና የጻፉት ሰዎች ያላቸው ነገር ስለ ጐደለን ነው፤ እነርሱ ምስክር ነበራቸው። ቁም ሣጥኑ እስከ ዛሬ ተቈልፎ አለ። በመጪው ሳምንት ቁልፉን ተቀብለን ከፍተን፣ ከየካርዱ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብበን፣ የመዝገቡን የመጀመሪያ 12 ገጾች እንጽፋለን። ምናልባት ሁሉም ላይ ‹‹አልሠራም›› ብለን እንፈርም ይሆናል። ይሁን፤ እርሱም ምስክርነት ነው። አብሮን ሊፈርም የሚወድ ሁሉ ይምጣ።